ጨርቁን ጣልና ጩህ

ኅዳር 3

ለተከበሩት አክስቴ፣

ጤናዎን ከነሳቅዎ ያቆይልኝ፤ ቤቱም ፋብሪካውም ሰላም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፤ ከዚህ አገር ብርድ ጋር የተጣሉት ጆሮዎቼ ብቻ ናቸው።

ደብዳቤውን ቤት ሳይሆን ፋብሪካ የላክሁበትን ምክንያት አያጡትም። እማዬ ስደውልላት ስልኩን ድምፁን ለቃ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እኔ "እንደምን አደርሽ" ስል ጎረቤት "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ይመልሳል። ለእርስዎ ብቻ የምለው ስላለኝ ነው ወደ ብዕር የዞርኩት።

ሥራ ያዝኩ አክስቴ! ያውም በእርስዎ ሙያ። አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ የኬሚካል ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ጠርሙሶቹን እቀበላለሁ፣ በየቦታቸው እደረድራለሁ፣ ለጠየቀ እሰጣለሁ። አሲዱ ለብቻው፣ ቶሎ የሚቀጣጠለው በብረት ቁምሳጥን፣ ዱቄቱ ከላይ። ልጅ ሆኜ ወደ ቆዳ ፋብሪካው ላቦራቶሪ ሲወስዱኝ "እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፣ ዓይንህን ግን ክፈት" ይሉኝ ነበር። እዚህ የቀጠሩኝ ለዚያ ዓይን ይመስለኛል።

ኃላፊያችን ወገቧ ላይ የቁልፍ መዓት ስለምታንጠለጥል ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። በልቤ "ቁልፏ" ብያታለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ደግሞ ጋሪ ሲገፋ ማፏጨት የሚወድ ሰው ነው፤ እሱን "ፉጨት" አልኩት። እነሱ እኔን ምን እንደሚሉኝ እንጃ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁልፏ አዳዲሶቹን ሁሉ ደርድራ አስጮኸችን። ኬሚካል ሲፈስ ያየ ሰው ባለ በሌለ ድምፁ መጮህ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ደጅ መሰብሰብ፣ ይህ ነው ሕጋቸው። ተራዬ ሲደርስ ከጉሮሮዬ የወጣው የድመት ግልገል ድምፅ ነበር። ቋንቋቸው አፌ ላይ ገና አልለሰለሰም፤ ፉጨት ሆዱን ይዞ ሳቀ።

የሙከራ ጊዜዬ እስከ ግንቦት አጋማሽ ነው። ቋሚ ካደረጉኝ የመኖሪያ ፈቃዴ ይታደሳል። ካላደረጉኝ ሻንጣ ማሰር ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ለእውቀት ያህል ነው። አንድ ሰው ትንሽ አሲድ ቢያፈስ፣ በወረቀት ፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ቅርጫት ውስጥ ቢጥለው ምን ይሆናል?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 24

ለልጄ፣ ለእህቴ ልጅ፣

ያሰብከው ይሙላልህ፤ ጆሮህንም ከብርድ ይጠብቅልህ፤ ኮፍያ የሚባል ነገር መፈጠሩን ግን የረሳኸው መሰለኝ። እኔም እናትህም ደህና ነን። ፋብሪካው እንደ ድሮው ይሸታል፣ ሠራተኞቼም እንደ ድሮው ጡሩምባ ይሉኛል፤ የማልሰማ መስሏቸው።

ሥራ መያዝህን ሳነብ እልል ብዬ መዝኜ የያዝኩትን ዱቄት ልደፋው ነበር። ደስ ብሎኛል፣ አፌን ሞልቼ ነው የምነግርህ። "ለእውቀት ያህል" ያልካት ነገር ጋ ስደርስ ግን ደስታዬ ቆመ። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኳት። ይኸውልህ፣ ይህ "አንድ ሰው" የምትለው ሰውዬ እጁ ያንተን እጅ ይመስላል።

መልሱ በአሲዱ ይወሰናል። ኮምጣጤም አሲድ ነው፤ እሱን በፈለግከው ጥረገው። ናይትሪክ አሲድ ከሆነ ግን ከወረቀት፣ ከጨርቅና ከሰጋቱራ ጋር ጠላት ነው። ይሞቃል፣ ያጨሳል፣ አንዳንዴም ቅርጫቱን ይዞ ይነዳል። ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው፤ የትኛው አሲድ ነበር? ጭስስ ነበረው? ምን ዓይነት ቀለም?

ጠባዩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ያደግንበት ቤት የልብስ ስፌት ቤት ነበር። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሰው ጨርቅ ከአልጋ እስከ ወለል ዘርግቶ ይቆርጥ ነበር። ጠብታ ውሃ ከፈሰሰች የሰው ሱፍ ተበላሸ ማለት ነው፤ ያን ቀን ቤቱ ውስጥ መተንፈስም ያስቆጣል። እኔና እናትህ ቁራጭ ጨርቅ ወገባችን ላይ ሳንሸጉጥ ውለን አናውቅም። አንዷ ስታፈስ ሌላዋ አባታችን ዘወር ከማለቱ በፊት ትጠርጋለች፤ ማን እንዳፈሰሰም አይነሳም። አፈሰስኩ ማለት በቤታችን ነውር ነበር። ለአንተም ያወረስንህ እሱኑ ነው። ጎበዝ ልጅ እያልን አሞግሰንሃል፤ ገና በእግርህ ሳትሄድ እየዳህክ ወለል ትጠርግ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ይህ ጉብዝና ሰው ይገድላል።

ገንዘብ ምናምን እንዳትልክ። እዚያ እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም የአሲድ ጓንት ካገኘህ ግን ለእኔ አንድ ጥንድ። እዚህ የሚሰጡን አጭር ነው፤ አሲዱ በአናቱ ይገባል።

ቶሎ መልስ። ጠርገህ አትመልስ።

አክስትህ

ጥር 9

ለተከበሩት አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ፤ ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። በዓል ነበር ማለት አልችልም፣ ታምሜም አልነበረም። ብቻ ቁጭ እልና ብዕሩን አነሳለሁ፣ ከዚያ ሻይ አፈላለሁ።

ጓንቱን ልኬያለሁ። አረንጓዴ ነው፣ ከክርን አልፎ ይወጣል። ኮፍያም ገዛሁ፤ ስለሱ ከእንግዲህ እንዳይቆጡ። የምኖርባት ክፍል ከዳቦ መጋገሪያ በላይ ነች፤ ወለሏ ስለሚሞቅ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ። አከራዬ መስማት የተሳናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ብጮህም ግድ የላቸውም፤ ስለዚህ አንዳንዴ መጮህ እለማመዳለሁ። አሁንም የድመት ግልገል ነው።

ቡናማ ነበር አክስቴ። ጭሱ ቡናማ ነበር።

ናይትሪክ አሲድ ነው። ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንሹ ስቀዳ አንድ ሲኒ የማይሞላ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። እጄ ሳላዘው ሄዶ ወረቀቱን ሳበ፣ ጠረገ፣ ቅርጫት ውስጥ ጣለ። በልቤ "እሰይ፣ ማንም አላየም" አልኩ። ከዚያ ቅርጫቱ ያጨስ ጀመር። ትንፋሼን ይዤ ቅርጫቱን አቅፌ በጓሮ በር ወደ ውጭ አወጣሁትና ውሃ ደፋሁበት። ደረቴን ትንሽ አሳለኝ፣ በማግስቱ ተወኝ። ቅርጫቱን አጥቤ መለስኩት። ያወቀ የለም።

ልነግራቸው አልቻልኩም። ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ የነበረው ሰው ኬሚካል አፍስሶ ነው የተባረረው ይላሉ። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ይህን ቢናገር ምን ይጠብቀዋል? ሥራው ሲሄድ ፈቃዱም ይሄዳል። እባክዎ እንዲህ ይበሉኝ፤ ግንቦት እስኪያልፍ ዝም በል፣ ከዚያ በኋላ ትናገራለህ። እርስዎ ካሉኝ እተኛለሁ።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 28

ልጄ፣

ሰላምታውን ዛሬ አጠር ላድርገው፤ ተቆጥቻለሁ። እግዚአብሔር አትርፎሃል፣ ተመስገን። አሁን አድምጠኝ።

ያ ቡናማ ጭስ ተንኮለኛ ነው። ያስነጥስና ያስልና ይተዋል፤ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይተኛል፤ ሳንባው ግን ከሰዓታት በኋላ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ያኔውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብህ። አሁንም ሂድና ደረትህን አሳይ፤ ምን እንደሸተትክ በስሙ ጥራላቸው። አንጀቴን በልተኸኛል። እናትህ ጎን ተኝቼ ስንት ቀን ይህን ብቻዬን አሰብኩ።

ቀጥሎ፣ ዝም በል አልልህም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ያን ቅርጫት በማግስቱ ጠዋት የሚያነሳው ማነው? አንዲት የጽዳት ሴት አለች አይደል? ባትደርስበት ኖሮ እሷ ነበረች የምታቅፈው። አንተ ስለ ፈቃድህ ስትጨነቅ እሷ ስለ ምንም አታውቅም። ኬሚካል የሚፈስ ነገር ነው፤ ሁላችንም አፍስሰናል። የእኔም ስሜ ጡሩምባ የሆነው በዚያ ነው። በአንድ ወቅት እዚህ የቆዳ ፀጉር መላጫው ውሃ አሲድ ካለበት ቦይ ጋር ሊቀላቀል ሲል ደርሼ ነበር። ያ ቅልቅል የሚያወጣው ጋዝ መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ከዚያ አፍንጫህን ያደነዝዝና አይሸትህም፣ ከዚያ ይጥልሃል። ማሽኑ ይጮሃል፣ ሰው አይሰማም። እኔ ግን ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ሰው ሁሉ ወጣ። ያን ቀን አንድ ሰው አልጎደለብኝም።

ሲፈስ እንዲህ ነው። ጨርቁን ጣልና ጩህ። ሰው ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ። በጣም ጥቂት ከሆነ፣ ምን እንደፈሰሰ በእርግጥ ካወቅክ፣ ከሠለጠንክ፣ ደግሞም ብቻህን ካልሆንክ፣ ያኔ ጓንትህን፣ መነጽርህንና ካባህን ለብሰህ ትመለሳለህ። ዙሪያውን በአሸዋ ታጥራለህ፤ ከዳር ወደ መሃል እንጂ ከመሃል ወደ ዳር አይደለም። በላዩ ቤኪንግ ሶዳ ቀስ እያልክ ትበትናለህ፤ ይፈላል፣ ጠብቀው፤ መፍላቱን ሲተው በፕላስቲክ አካፋ ለቅመህ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ትከተዋለህ፤ ስሙን ትጽፍበታለህ። የመስታወት ስብርባሪ በመቆንጠጫ እንጂ በእጅ አይነሳም። ሰውነት ላይ ከነካ ውሃ፣ ወዲያውኑ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት፤ ልብስ ማውለቅ ነውር አይደለም። ከጥቂት በላይ ከሆነ ደግሞ ጀግንነት አያስፈልግም፤ ሥራው የእነሱ የሆነ ሰዎች ጭምብል ለብሰው ይግቡ።

ድምፅህን በተመለከተ፤ በማን ቋንቋ ጩህ አሉህ? ጩኸት አስተርጓሚ አይፈልግም። በቸኮልክበት ቋንቋ ጩህ።

ይህ ደብዳቤ የደረሰህ ቀን ቁልፏ ጋ ሂድ። ቢያባርሩህ ሻንጣህን ይዘህ ና፤ ሰው ሆነህ ትመጣለህ፣ እኔም በር ላይ ቆሜ እቀበልሃለሁ። ይህን ስልህ ቀልድ የለኝም።

አክስትህ

የካቲት 20

ለተከበሩት አክስቴ፣

እድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎ ደረሰኝና ካባዬን ሳልለብስ ሄድኩ፤ ብለብስ ኖሮ የምመለስ መሰለኝ።

ቁልፏ ሻይዋን ይዛ ነበር። በዚያች በተሰባበረች ቋንቋዬ አሲዱን፣ ወረቀቱን፣ ቅርጫቱን፣ ጭሱን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ሻይዋን አስቀመጠችና "ጠረጴዛው ላይ መፍሰሱ ምንም አይደለም" አለች። "ቅርጫቱ ግን!" ከዚያ በኋላ የተቆጣችው ቁጣ የእርስዎን ያህል ነበር፤ ስለዚህ ለመድኩት። የጽዳቷን ሴት ስም ጠርታ ነው የተቆጣችኝ። ከዚያ እሷው ራሷ ሐኪም ዘንድ ላከችኝ። ደረቴ ደህና ነው፤ ፎቶውን ተነስቻለሁ።

ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የተባረረው አፍስሶ አይደለም አክስቴ። አፍስሶ ደብቆ ነው። ሌላ ሰው ረግጦት ጫማው ቀልጧል።

አሁን ለጊዜው አሲድ አልነካም። ሥልጠናውን ከመጀመሪያው እንደገና እየወሰድኩ ነው፤ ቋሚ መሆን አለመሆኔ ግንቦት ላይ ይታያል ብላለች፤ ፊቷ ምንም አይናገርም። ሥልጠናው ላይ አሸዋውን ከዳር ወደ መሃል ስገፋ አሠልጣኙ "ይህን የት ተማርክ?" አለኝ። "ከአክስቴ" አልኩት። ለጽዳቷ ሴትም ነገርኳት። አየችኝና የብስኩት ካርቶኗን ወደ እኔ ገፋች። ወስጄ በላሁ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጓንቱ ደረሰዎ? ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 18

ለተከበሩት አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ቤት ደወልኩ፤ እማዬ "አክስትህ ደህና ናት፣ ምን ትሆናለች" አለችና ወዲያው ስለ ጎረቤት የውሃ ታንከር ታወራኝ ጀመር። ሁለት መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 25

ለልጄ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እውነቱን በመናገርህ ኮርቼብሃለሁ። ጽሑፌ የተንጋደደው ብዕሩ መጥፎ ስለሆነ ነው። ጓንቱ ደርሷል፣ ቆንጆ ነው፣ ገና አላወጣሁትም።

አሁን ከጓንቱ ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ፈልግልኝ። እዚያ ለቃጠሎ የሚሆን ጥሩ ቅባት ካለ ሐኪም ጠይቀህ ላክ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቀኝ እጇን ትንሽ ነካ አድርጓታል። ቀላል ነው።

አክስትህ

ሚያዝያ 6

ለተከበሩት አክስቴ፣

ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክልዎ፤ ለምን እንዲህ እንደምል እርስዎም ያውቃሉ።

ቅባቱን ልኬያለሁ፤ የሐኪሙ ምክርም አብሮ አለ። አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው፤ ይፍቀዱልኝ። ይህች "የሥራ ባልደረባ" የሚሏት ሴት እጇ የእርስዎን እጅ ይመስላል። ብዕሩም መጥፎ አይደለም፤ በግራ እጅ የተጻፈ ጽሑፍ አውቃለሁ። በአንድ ወቅት ቀኝ እጄ ተሰብሮ በግራ የጻፍኩት የቤት ሥራ ልክ እንዲህ ነበር፤ ያረሙልኝም እርስዎ ነዎት።

የትኛው አሲድ ነበር? ውሃ ስር ስንት ጊዜ ቆዩ? ማን አጠገብዎ ነበር? ጠርገው አይመልሱልኝ።

ከፋብሪካው ከሆነ ይበሉኝ፤ ከፋብሪካው ካልሆነም ይበሉኝ። እንደ ሕፃን እንደደበቁኝ ሳስብ ተናድጃለሁ፤ ይኸው ተናገርኩት። እርስዎ ሻንጣህን ይዘህ ና፣ በር ላይ ቆሜ እቀበልሃለሁ ባሉኝ ልክ፣ እኔም ማንኛውንም ነገር ለመስማት በር ላይ ቆሜያለሁ።

የእህትዎ ልጅ

ሚያዝያ 22

ለልጄ፣

ምርቃትህ ደረሰኝ፤ አሜን ብያለሁ። ስድብህም ደረሰኝ፤ እሱንም ተቀብያለሁ። ይህን ያህል አሳድጌሃለሁ እንዴ!

ይኸው ልንገርህ፤ መሳቅ ትችላለህ፣ እዚህ የሳቁ አሉ። ፋብሪካ አይደለም። ቤት ነው፣ መታጠቢያ ቤት። ቧንቧው ተዘግቶ ነበርና የቧንቧ መክፈቻ አሲድ፣ ያን ከሱቅ የሚገዛውን ኃይለኛውን፣ ከመደርደሪያ ሳወርድ ወድቆ ጠርሙሱ ተሰነጠቀ። አንተ ለመጮህ የሠለጠንክበትን ነገር እኔ ስንት ሰው አሠልጥኜበታለሁ። ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ እስከ ጥበቃው ድረስ ይሰማኝ ነበር። ቤት ውስጥ ግን የእናትህን ኮቴ ሰማሁ፤ ኮቴዋን እንደሰማሁ ልጅ ሆንኩ። ወገቤ ላይ የነበረውን ጨርቅ መዘዝኩና ጠረግኩ። በባዶ እጄ። ያ አረንጓዴ ጓንትህ ፋብሪካ ቁምሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

እናትህ በሩ ላይ መጣች። ጨርቁን ጨብጬ እጄን ወደ ኋላ አደረግኩት። ስለ ጎረቤት የውሃ ታንከር ትነግረኝ ጀመር፤ እኔም አዳምጣለሁ፣ እሺ እላለሁ፣ ታንከሩ ስንት ሊትር ነው እላለሁ። ጨርቁ እጄ ውስጥ እየበላኝ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ እናትህ አይታለች! ወለሉ ላይ የቀረውን አይታ የራሷን ጨርቅ መዝዛ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ በጫማዋ ጫፍ እየገፋች ጠረገችልኝ። ላለማሳፈር ነው። ሁለት አሮጊቶች፣ አባታቸው ከሞተ ዘመን ያለፋቸው፣ እሱ በሌለበት ቤት ከእሱ ሲደብቁ። ያሳቀኝም ያስለቀሰኝም ይህ ነው። የጫማዋ ጫፍ ሲላጥ ነው አንድ ነገር ያልኩት። "ውሃ" አልኩ፣ እሱንም በሹክሹክታ።

ውሃ ስር ቆየሁ፤ የዘገየሁት ከዚያ በፊት ነው። መዳፌ ሁለት ቦታ ላይ ተበልቷል፤ ሐኪሙ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ ብሎኛል። ቅባትህ ጥሩ ነው። ደብዳቤ ያዘገየሁት ምን ብዬ ልጻፍ እያልኩ ነው። አንተን በዚያ ቁጣ ገሥጬ የራሴን በምን አፌ? ከዚያ ደብዳቤህ መጣ።

በማግስቱ ፋብሪካ ሄጄ ሠራተኞቼን ሰብስቤ ፋሻዬን አሳየኋቸው። እንዲህ አይደረግም አልኳቸው። ከኋላ አንዱ "ጡሩምባ ቤት ውስጥ አይነፋም እንዴ?" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዎች መጥተው ደብቀውት የነበረ ነገር ነግረውኛል። የምታምነኝ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ለእናትህ አንብቤላታለሁ፤ ያንተንም የቡናማውን ደብዳቤ። አንተ አልፈቀድክልኝም፣ አውቃለሁ፤ ግን በቤታችን ከእንግዲህ የሚጠረግ ወሬ የለም። አለቀሰች፣ ከዚያ ኮፍያ ይለብስ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ግንቦት ደርሷል። ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ የማስበው አንተን ነው።

አክስትህ፣ በግራ እጅ

ግንቦት 12

ለተከበሩት አክስቴና ለእማዬ፣ ለሁለታችሁም፣

ጤና ይብዛላችሁ፤ እጅዎ ይዳን፣ ለእማዬም አዲስ ጫማ ይገዛላት። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም፤ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ማክሰኞ እንግዶች መጡ። ለምርምሩ ድጋፍ የሚሰጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ቁልፏ ቁልፎቿን እንኳ በእጇ ጨብጣ ድምፅ እንዳያሰሙ አድርጋ ታስጎበኛለች። ፉጨት የአዳዲስ ጠርሙሶች ካርቶን በጋሪ ይዞ በመተላለፊያው እየመጣ ነው፤ ያን ቀን ስለ እንግዶቹ አያፏጭም። እኔ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ነኝ። የጋሪው ጎማ የበሩ ደፍ ላይ ተያዘ። ካርቶኑ ተንሸራቶ ወደቀ። ናይትሪክ አሲድ፣ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ተሰባበረ።

እንግዶቹ በመተላለፊያው ማዶ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ አላዩም። ፉጨት አያቸው፣ ወለሉን አየ፣ እንደገና አያቸው። ከዚያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ግድግዳው ላይ ወዳለው የወረቀት ፎጣ ሄዶ አንድ ክምር ሳበና ተንበረከከ። ተሽቀዳድሞ ሊጠርግ! ይሄ የኛ ቤት በሽታ ብቻ መስሎኝ ነበር አክስቴ። ፊቱን ሳየው ልክ እኛን ነው የሚመስለው፤ ያን ጊዜ እጄም ወደ ወረቀቱ ሊሄድ ሲነሳ ተሰማኝ።

ጮህኩ። "ፈሰሰ! ጨርቁን ጣል! ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!" ብዬ። በአማርኛ። አንድም የእነሱ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ሳስበውም አልመጣልኝም። ድምፁ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የድመት ግልገል አልነበረም። ፉጨት ወረቀቱን እንደ እሳት ለቀቀው። እንግዶቹ ዘወር አሉ፣ ቡናማውን ጭስ አዩ፣ ቁልፏ "ወደ ውጭ!" አለች፤ ሰው ሁሉ ሄደ። የጽዳቷ ሴት ከማጠቢያው ክፍል ባልዲዋን ጥላ ወጣች። ደፍ ላይ ቆሜ የመጨረሻውን ሰው አሳልፌ በሩን ዘጋሁ። አልተመለስኩም። ጀግንነት አያስፈልግም ብለውኛል።

ደጅ ተሰበሰብን። ተቆጠርን፤ አንድም አልጎደለም። ጭምብል የለበሱት መጥተው ገቡ፤ አሸዋውን ከዳር ወደ መሃል። የፉጨት ጉልበት ላይ ሱሪው ትንሽ ነክቶት ነበር፤ ደጅ ባለው የውሃ መርጫ ስር አቁመን ሱሪውን አስወለቅነው፤ በዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰው ፊት። እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ጉልበቱ ደህና ነው።

ቁልፏ ወደ እኔ መጣች። አለቀልኝ አልኩ፤ በእንግዶች ፊት ነው የጮህኩት። "ምን ነበር ያልከው?" አለችኝ። ነገርኳት። "ድገመው" አለች። ደገምኩት። እሷም ሞከረችው፤ "ፈ" የምትለዋ አልጠፋችባትም፣ ቀሪውን ሰባበረችው። በማግስቱ አዳዲሶቹን ደርድራ ስታስጮህ፣ ከራሳቸው ቃል ቀጥሎ "ፈሰሰ" እንዲሉ አድርጋለች፤ "ሲሰማ የማያስወጣ ጩኸት አልፈልግም" ብላ። ሁሉም አሁን በእርስዎ ቋንቋ ይጮሃሉ። አንዳንዱ ሻይ ሲያፈስም ይላል።

ትናንት ጠራችኝና አንድ ቁልፍ ከወገቧ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የአሲዱ ክፍል ቁልፍ ነው። ቋሚ ሆኛለሁ። ቅርጫቱን አልረሳችውም፤ "የነገርከኝ ቀን ነበር የወሰንኩት" አለች፣ "ያን ቀን ብነግርህ ግን አትማርም ነበር።" ሻንጣው አልጋ ስር ይቆይ።

እጅዎን በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ማየት እፈልጋለሁ። በቀኝ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ የእማዬም ልጅ

ግንቦት 30

ለልጄ፣

ይኸው በቀኝ እጄ። ፊደሎቼ ትንሽ ይደክማሉ፤ ግን የእኔ ናቸው። ቤትህ በደስታ የተሞላ ይሁን፤ ያ ቁልፍ ለመልካም የሚከፈት ይሁን።

ደብዳቤህን ለእናትህ ያነበብኩላት ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ፉጨት ሱሪውን ያወለቀበት ጋ ስደርስ በሳቅ ፈረሰች፤ "ፈሰሰ! ጨርቁን ጣል!" ያልክበት ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። አንብቢው አለችኝ፣ እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ወተት ልታሞቅ ተነሳች። እኔ ደብዳቤውን እያጠፍኩ ነበር። የድስቱ እጀታ ከእጇ አመለጠ፤ ወተቱ ከነድስቱ ወለሉ ላይ ሄደ።

ሁለታችንም እጃችን ወደ ወገባችን ሄደ። ከዚያ እናትህ እጇን መለሰችው። አየችኝ። አፏን ከፈተች፤ ልጄ፣ ያን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ፣ እህቴ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። "ፈሰሰ! ፈሰሰ! ውጡ!" ጎረቤት ሁሉ ሰማ፤ ባለ ታንከሩ ሰውዬ መሰላሉ ላይ እንዳለ ቀረ። እጄን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ፤ ጤነኛውን እጄን መርጣ።

ወተት ነው እኮ። አውቀናል፣ ወተት ነው። ማንም አልተቆጣንም። ወተቱ እዚያ ወለል ላይ ተኝቷል፣ እኛ ደጅ ቆመን ስንስቅ ነበር።

አክስትህ